ውሃውን መከተል፦ ከግሽ ዓባይ ምንጭ እስከ ጢስ ዓባይ ገደል

ብዙው ኢትዮጵያዊ ጢስ ዓባይን የተዋወቀው በእግሩ ሄዶ ሳይሆን በኪሱ ይዞት ነው። ከደርግ ዘመን አንሥቶ ለብዙ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረው የአንድ ብር ኖት በአንድ ወገኑ የልጅ ፊት፣ በሌላው ወገኑ ደግሞ ከገደል የሚወርደውን ታላቅ ውሃና አዕዋፍን ይዞ ስለ ነበር፣ ባሕር ዳርን በስም ብቻ የሚያውቅ የሐረር ነጋዴም ሆነ የጅማ ተማሪ ሥዕሉን ሳያይ አላደገም። ይሁን እንጂ ሥዕሉን ያወቀ ሁሉ ቦታውን አወቀ ማለት አይደለም፤ ውሃው ከየት ተነሥቶ፣ በምን በኩል አልፎ ወደዚያ ገደል እንደሚደርስ፣ በየትኛው ወር እንደሚሞላ፣ በየትኛው ወር እንደሚጎድል፣ በመንገዱም ዳርና ዳር ማን እንደሚኖር ሲጠየቅ አስረግጦ የሚመልስ ሰው ጥቂት ነው።

ስለዚህ በዚህ ዘገባ ውሃውን ራሱን መሪ አድርገን ከምንጩ ተነሥተን፣ በሐይቁ በኩል አልፈን፣ እስከ ገደሉ እንወርዳለን። ይህንም የምናደርገው፣ ዛሬ የተለመደው አካሄድ፣ ይኸውም ጧት ከባሕር ዳር ወጥቶ ፏፏቴውን በችኮላ አይቶ ለምሳ መመለስ፣ ጎብኚውን ከእውነተኛው ደስታ፣ በመንገዱ ላይ ያሉትንም ትንንሽ ከተሞች ከሚገባቸው በረከት የሚያጎድል ሆኖ ስላገኘነው ነው።

ከሐይቁ በፊት ምንጩ

ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ በጎጃም ደጋ፣ በሰከላ ወረዳ፣ ከግሽ ተራራ ሥር ግሽ ዓባይ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከዚያች ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ረግረግ በሆነ መስክ ዳር፣ ያን ያህል ወንዝ ይወጣዋል ተብሎ የማይጠረጠር ትንሽ ምንጭ ይፈልቃል፤ እርሱም ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ሰሜን እየወረደና ከግራ ከቀኝ ጅረቶችን እየተቀበለ ጣና ይገባል። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን በኦሪት ዘፍጥረት ከገነት ከሚወጡት አራት አፍላጋት አንዱ የሆነው ግዮን ይህ ነው ብለው ስለሚያስተምሩ፣ ደግሞም ጻድቁ አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዚህ ውሃ አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ ሳይረጥቡ ተቀበሉ ተብሎ ስለሚተረክ፣ ምንጩ ለአካባቢው ሕዝብ ከሁሉ አስቀድሞ ጠበል ነው። ወደዚያ የሚመጣው ምእመን እህል ሳይቀምስ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ተራውን ጠብቆ ይቀርባል፤ ለመጎብኘት ብቻ የመጣ ሰውም ይህን ሥርዐት ቢያከብር ካህናቱ በደስታ ይቀበሉታል።

የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ጋራ ሄዶ በ1610 ዓ.ም. ምንጩን አየ፤ ከእርሱም በኋላ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ደረሰበት። በአውሮፓ መጻሕፍት ስለዚህ ነገር ማን ቀደመ የሚል ክርክር ብዙ ዘመን ተካሂዷል። የሰከላ ሰው ግን ምንጩ ጠፍቶበት አያውቅምና ለክርክሩ ቦታ አይሰጠውም፤ እኛም እንደዚሁ እናደርጋለን።

በደጋ ላይ የተዘረጋ ባሕር

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ በስፋቱም ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ሲሆን፣ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጠልቆ በሚገኝበት ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አይዘልም፤ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ውሃ ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ በጥንት ዘመን ከምድር ሆድ የፈሰሰ የቀለጠ ዐለት ወደ ደቡብ የሚወርደውን ሸለቆ ዘግቶ ስለ ረጋ፣ ከዙሪያው ተራሮች የሚመጣው ውሃ መውጫ አጥቶ ተጠራቀመና ሐይቁ ተፈጠረ። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከሌሎች ብዙ ጅረቶች ጋራ ይገቡበታል፤ የተፈጥሮ መውጫው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በባሕር ዳር ጫፍ የሚነሣው ዓባይ ነው። ዓሣ አጥማጆች ግልገል ዓባይ ከሐይቁ ውሃ ጋራ ሳይቀላቀል መሐል ለመሐል አቋርጦ እንደሚወጣ በእርግጠኝነት ይናገራሉ፤ በክረምት የደፈረሰው ውሃ ከጠራው ተለይቶ ሲሄድ በዐይኑ ያየ ሰው ይህን እምነት ከየት እንዳገኙት ይረዳል።

ስለ ደሴቶቹ ሲወራ ቁጥራቸው ሠላሳ ሰባት ነው መባሉ የተለመደ ነው። በብዙዎቹ ላይ ገዳማት ተመሥርተዋል፤ ነገሥታቱም ጽላትንና መጻሕፍትን፣ ዘውድንና ልብሰ መንግሥትን በጦርነት ዘመን የሚያሸሹት ወደዚያ ነበር። በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል ዐፅም በክብር ተጠብቆ ይገኛል። በጣና ቂርቆስ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመግባቷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ዐርፋበት ነበር የሚል ትውፊት አለ። በደቅ ደሴት ጫፍ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ሴቶች ወደ ዳጋና ወደ ክብራን ገብርኤል አይገቡም፤ ወደ ናርጋና ወደ ዘጌ አብያተ ክርስቲያናት ግን ይገባሉና፣ ከቤተሰቡ ጋራ የሚጓዝ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

> «ታንኳ ውሃ የማይገባው ጀልባ አይደለም፤ ውሃ ገብቶት የማይሰምጥ ጀልባ ነው።»

ደንገልና እጅ

ከሐይቁ ዳር ከሚታየው ነገር ሁሉ ከታንኳ ሥራ የሚበልጥ ትምህርት የሚሰጥ አለ ብለን አናምንም። የሐይቁ ጥንታውያን ነዋሪዎች የሆኑት ወይጦዎች፣ ከእነርሱም የተማሩ ሌሎች የዳርቻው ሰዎች፣ ደንገሉን ከረግረጉ አጭደው በፀሐይ ያሰጡታል፤ አረንጓዴው መልክ ጠፍቶ ሲገረጣ በእቅፍ በእቅፍ ይከምሩታል። ሠሪው ተንበርክኮ ጉልበቱን በእስሩ ላይ ይጭናል፤ የልጡን ገመድ በሁለት እጁ ይዞ ትንፋሹን ውጦ ይስባል፤ ደንገሉ እየተጨመቀ ሲንቋቋ ይሰማል። አንዱ እስር በሌላው ላይ ይደረባል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቆለመማል፤ ከመሐሉም ቀዛፊው የሚቀመጥበት ደረቅ የደንገል መደብ ይበጅለታል። በሥራው ሁሉ ምስማር የሚባል ነገር አይገባበትም። ከሠሪዎቹ አንዱ ከላይ በተለየው መስመር ላይ የሰፈረውን ቃል የተናገረው፣ ታንኳው ሲጓዝ ውሃ ለምን ያስገባል ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

ይህ ጀልባ ዕድሜው አጭር ነው፤ ከጉዞ በኋላ እየወጣ በዛፍ ላይ ተደግፎ ካልደረቀ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ቢጠነቀቁለትም ከጥቂት ወራት በኋላ በአዲስ ይተካል። ከዘጌ እንጨትና ፍራፍሬ ጭኖ ገና ሳይነጋ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚቀዝፍ ሰው ዛሬም አለ። ኖርዌጃዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. የአትላንቲክን ውቅያኖስ ለማቋረጥ «ራ» የተባለችውን መርከብ ያሠራው ከጣና በተጫነ ደንገል እንደ ነበር ለአንባቢ ማስታወስ ይገባል። ዛሬ ደንገሉ ራሱ እየሳሳ ነው፤ ረግረጉ ለእርሻ ሲመነጠር፣ ዳርቻው በግንብ ሲታጠር፣ የታንኳ ሠሪው መኖሪያና መተዳደሪያ አብሮ ይጠብባል፤ ስለ ሐይቁ ልማት በሚመከርበት ሸንጎ ሁሉ የወይጦ ሽማግሌ መቀመጫ ሊኖረው ይገባል የምንለውም ስለዚህ ነው።

ማረሻ ያልገባበት ምድር

ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ የሚደረስበት የዘጌ ምድር፣ በሦስት ወገኑ በውሃ የተከበበ፣ በውስጡም የቡና ጫካ የለበሰ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ቡናውና ጌሾው በአቡነ በትረ ማርያም ጸሎት የበቀሉ ናቸው፤ ጻድቁም ምድሩ እንዳይታረስ፣ የቀንድ ከብትም እንዳይረባበት አዝዘዋልና፣ ሕዝቡ ይህን ቃል እንደ ኪዳን ይዞ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል። በሬ በማይጠመድበት በዚህ ምድር የሰው ኑሮ በቡና፣ በጌሾ፣ በሎሚና በእንጨት ላይ የተመሠረተ ነው። ዙሪያው የጎጃም መሬት በማረሻ ብዛት ሲራቆት ዘጌ በደን ተሸፍኖ መቅረቱ፣ የሃይማኖት ሥርዐት ደንን ከሕግ አስከባሪ ይልቅ እንደሚጠብቅ ምስክር ነው።

ከወደቡ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣው መንገድ በቡና ተክልና በትልልቅ ዋንዛዎች ጥላ ሥር የሚያልፍ ነው። በመንገዱ ዳር ወጣቶች በብራና ላይ የሣሏቸውን ሥዕሎችና ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎችን ዘርግተው ይሸጣሉ፤ ጦጣዎች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ከቅኔ ማኅሌቱ ወደ ቅድስቱ ሲገባ የመቅደሱ አራት ግድግዳዎች ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሞልተው ይታያሉ። ሥዕሎቹ በሸማ ላይ ተሥለው ሸማው በግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሲሆን፣ በላዔ ሰብእ ለተጠማው ድኻ ውሃ ሲያጠጣ፣ በፍርዱም ቀን እመቤታችን ጥላዋን በሚዛኑ ላይ ስታሳርፍለት፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ፣ ሊቃነ መላእክትም በየበሩ ሰይፋቸውን መዝዘው ሲቆሙ ይታያል። ማንበብ የማይችለው ምእመን ገድሉንና ተአምሩን የተማረው ከዚህ ግድግዳ ነውና፣ የደብሩ አባቶች ሥዕሉን ሲያስጎበኙ በረጅም ዘንግ እያመለከቱ ታሪኩን በቅደም ተከተል ይተርካሉ፤ ጎብኚው ቸኩሎ ወደ ሌላው ሲሻገር ግን ትረካቸው ይቋረጣል።

> ዘጌን በአንድ ጧት አየሁ የሚል ሰው ያየው ግድግዳውን እንጂ ትረካውን አይደለም።

በዚያ ጫካ ውስጥ የሚኖር ሰው ኑሮ ግን እንደ ሥዕሉ ያማረ ብቻ አይደለም። አንዲት ቡና ለቃሚ እናት ቡናው ከዋንዛው ጥላ ሥር ዘግይቶ እንደሚደርስ፣ ዋጋውም ከዓመት ወደ ዓመት እንደሚዋዥቅ፣ ልጆቿ ግን የሚያርሱት መሬት ስለሌላቸው ከቡናው በቀር መሸሸጊያ እንደሌላቸው ትናገራለች። ወጣቶቹ ደግሞ የማገዶ እንጨት ፈልጦ መሸጥ ፈጣን ገንዘብ እንደሚያመጣ፣ ደኑ ግን በዚያው ልክ እንደሚሳሳ አይሸሽጉም። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ መመዝገቡ መልካም ነው፤ ሆኖም የዘጌን ደን እስካሁን ያቆየው የአባቶች ቃል፣ የልጆቹ እንጀራ ካልታከለበት ብቻውን ይበቃል ብለን ለማመን እንቸገራለን።

ጎርጎራ

በሐይቁ ሰሜን ጫፍ ያለችው ጎርጎራ ከባሕር ዳር ጋራ ስትነጻጸር ጸጥ ያለች ትንሽ ወደብ ናት። ለብዙ ዘመን «ጣናነሽ» የተባለችው ጀልባ በዘጌ፣ በደቅና በቁንዝላ እየቆመች ሁለቱን ዳርቻዎች ስታገናኝ ኖራለች፤ ከመንገደኞቿም አብዛኞቹ እህልና ዶሮ ይዘው የሚሳፈሩ የዳርቻው ገበያተኞች ነበሩ። በዚህ አካባቢ ዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር፤ ፍርስራሹ ዛሬም ማርያም ግንብ ተብሎ ይታወቃል። የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያንም የጎርጎራ ጌጥ ናት፤ የመቅደሷን ሥዕሎች ሳያይ ከዚያች ከተማ የተመለሰ ሰው ጉዞውን ቢደግም አይቆጭም።

ወደ ገደሉ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች

ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ፣ በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው አዲስ ድልድይ ሥር አልፎ፣ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጢስ ዓባይ ከተባለችው ትንሽ ከተማ አጠገብ ይደርሳል። ከከተማይቱ ወደ ፏፏቴው የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ በሜዳ በኩል ወደ ውሃው የሚያቀርበው አጭር መንገድ ነው፤ ሽማግሌና ሕፃን ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ይመርጣል። ሁለተኛው ከታች በዓላታ ድልድይ በኩል የሚያልፈው ነው፤ እኛም የምናመሰግነው ይህን ነው።

የዓላታ ድልድይ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1618 ዓ.ም. ገደማ፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ሲሆን፣ የአገሩ ሰው የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል። የተመረጠለት ስፍራ ግንበኛው ወንዙን አስቀድሞ በጥንቃቄ እንዳጠና ይመሰክራል፤ ከላይ በሰፊው ተንጣልሎ የነበረው ዓባይ እዚህ ጥቁር ዐለት ወዲያና ወዲህ ጨምቆት በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ያልፋል፤ ከድልድዩ ላይ ወደ ታች ያየ ሰው ያ ሁሉ ውሃ እንዴት በዚህ እንደ ወጣ ይደነቃል። በአህያ ጭነው ወደ ገበያ የሚሄዱ ገበሬዎች ዛሬም የሚሻገሩበት በዚሁ ነውና፣ ድልድዩ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ አሁንም በሥራ ላይ ነው።

ከድልድዩ ወዲያ መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ አቀበቱን ወጥቶ በማሽላና በጤፍ ማሳዎች መካከል፣ በሣር ቤቶች አጠገብ ያልፋል። እናቶች ጀበና ጥደው፣ ልጃገረዶች ቅልና ነጠላ ለሽያጭ ዘርግተው ይቆያሉ። የውሃው ድምፅ ውሃው ከመታየቱ በፊት ይደርሳል። ከዚያም ተረተሩ ላይ ሲወጡ ፏፏቴው ፊት ለፊት ይገለጣል፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሄደ ሰው ወደ 40 ሜትር ከሚጠጋ ገደል ላይ ወደ 400 ሜትር በሚሰፋ ጠርዝ ውሃው በአንድነት ሲወርድ፣ ጢሱ ወደ ሰማይ ሲተንን፣ ከጢሱም ውስጥ በጧት ፀሐይ ለኖኅ የተሰጠው የኪዳን ምልክት ሲዘረጋ ያያል። ቁልቁለቱን ወርዶ የሽቦውን ተንጠልጣይ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ፏፏቴው እግር የቀረበ ሰው ልብሱ ይረጥባል፤ በዚያ ያለው ሣር ከውሃው ጢስ ይጠጣል።

> መስከረም ሙሉ ውሃ ነው፤ ሚያዝያ ጥቁር ዐለት ነው።

መብራቱና ውበቱ

በበጋ ወደዚያ ሄዶ ያዘነ ጎብኚ ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ምክንያቱን ዝናብ መጥፋቱ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከዚህ ሰፋ ይላል። ከፏፏቴው በላይ ውሃውን በቦይ ወስዶ፣ ተርባይን አዙሮ፣ ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ የሚመልሰው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ባሕር ዳር በፋብሪካና በመብራት የታወቀች ከተማ የሆነችው በዚህ ኃይል ነው። በ1988 ዓ.ም. ከሐይቁ መውጫ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራና የዓባይ አፈሳሰስ በበር የሚለካ ሆነ፤ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ታከለ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ተመርቆ የሐይቁ ውሃ ከፊሉ በተራራ ውስጥ በተቆፈረ ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ መሄድ ጀመረ። እንግዲህ በበጋ በገደሉ ላይ የሚወርደው ውሃ ከሌላው አገልግሎት የተረፈው ነው።

ስለዚህ ነገር መሐንዲሶች መብራት ላልደረሰው ሕዝብ አንድ ኪሎ ዋት ከአንድ ፎቶግራፍ እንደሚበልጥ ይናገራሉ፤ ቃላቸውም ሚዛን የሚደፋ ነው። አስጎብኚዎችና የጢስ ዓባይ ሻይ ቤት ባለቤቶች ደግሞ ውሃው ሲደርቅ እንግዳ እንደሚቀር፣ እንግዳ ሲቀርም የመብራት ምሰሶው በደጃቸው ቆሞ እነርሱ ገቢ እንደሚያጡ ያስረዳሉ። የእኛ ፍርድ ሁለቱን አንዱ በሌላው ለማጥፋት አይደለም፤ ለገደሉም በየወሩ ታውቆ የሚለቀቅ፣ ለሕዝብም አስቀድሞ የሚነገር ድርሻ ይወሰንለት ነው የምንለው። ውሃውን በበር የሚለካ እጅ ይህን ማድረግ አያቅተውም።

ሌላው መከራ እምቦጭ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው ይህ አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ታየ፤ አበባው ሐምራዊና የሚያምር ቢሆንም፣ ቅጠሉ ውሃውን ሸፍኖ ዓሣውን አየር ይነሣዋል፤ መረብና ጀልባም ያግዳል። ገበሬዎች እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ከርመዋል፤ በአገር ውስጥና በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያንም ገንዘብ አዋጥተው ማሽን ገዝተዋል። ከተራሮቹ ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ከየከተማው የሚፈሰው ቆሻሻ እስካልተገታ ድረስ ግን አረሙን መንቀል ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

በዚህ ሁሉ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአካባቢው የተነሣው ግጭት የጀልባ ነጂውን፣ የብራና ሠዓሊውንና የጀበና ቡና አፍዪዋን ገቢ እጅግ ጎድቶታል። ወደብ ላይ የታሰሩ ጀልባዎች ባለቤቶች ሌላ ነገር አይለምኑም፤ የሚለምኑት ሰላም ነው።

እንግዲህ ጉዞ የሚያስብ አንባቢ አስቀድሞ የመንገዱን ደኅንነት ከአካባቢው ሰው ይጠይቅ፤ ከተቻለው ወሩ መስከረም ወይም ጥቅምት ይሁን። በባሕር ዳር ብቻ አይደር፤ አንድ ሌሊት በዘጌ፣ አንድ ሌሊት በጢስ ዓባይ ከተማ ይደር፤ መንገድ የሚመራውን ሰው ከዚያው መንደር ይቅጠር፤ ቡናውን ከቡና ለቃሚዋ፣ ሥዕሉን ከሠዓሊው እጅ ይግዛ። የጨረጨራን በር ቁልፍ የያዙ ሹማምንትም ከጥቅምት በኋላ ለገደሉ የሚለቀቀውን የውሃ መጠን ወስነው ለሕዝብ ያሳውቁ።